ቁርኣንን መነኩሴ ነው የጻፈው የሚባለው እውነት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ከአንዲት ሙስሊም ጓደኛዬ ጋር አንድ ቢሮ ነው የምንሠራው። ባለፈው ጨዋታ ጨዋታን ያነሣዋልና «ቁርኣናችሁን እኮ የጻፈው ባሕይራ የሚባል ከእኛ የተባረረ መነኩሴ ነው» አልኳት። በጣም ከፋት። እሷም «የእናንተው ንጉሥ ነው እኛን ያስጠለለን፤ በኋላም ሰልሟል» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል። የሰማሁት ስሕተት ነው? ንጉሡስ በእርግጥ ሰልሟል? ምን ብዬ ልመልስላት?

መልስ፦ ልጄ፣ ወደ ንጉሡ እንመጣለን። መጀመሪያ የባሕይራን ነገር እንጨርስ። ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ከጉባኤ በኋላ ይነሣል፤ በጽዋ ማኅበር ይነሣል፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። የሚያወራው ሰው ሁሉ እርግጠኛ ነው። ከየት አገኘኸው ሲሉት ግን «እንዴ፣ የታወቀ ነው!» ከማለት በቀር ሌላ የለውም።

የታወቀው ይህ ነው። የባሕይራ ታሪክ ያለው በራሳቸው በሙስሊሞቹ መጻሕፍት ነው። ሙሐመድ ገና ልጅ ሳለ ከአጎቱ ከአቡ ጧሊብና ከነጋዴዎች ጋር ወደ ሶርያ ይሄዳል። ቡስራ ሲደርሱ ባሕይራ የተባለ መነኩሴ ነጋዴዎቹን ማዕድ ይጋብዛል። ልጁን አይቶም ወደፊት ነቢይ እንደሚሆን ለአጎቱ ይነግረዋል። ታሪኩ ለእነርሱ የምስክርነት ታሪክ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን ዮሐንስ ዘደማስቆ የመነኩሴውን ስም ሳይጠራ፣ ሙሐመድ «ከአንድ አርዮሳዊ መነኩሴ ጋር ተነጋግሯል» የሚል ነገር ጻፈ። ከእርሱ በኋላ በሙስሊም አገዛዝ ሥር ይኖሩ የነበሩ የሶርያ ክርስቲያኖች ባሕይራን አስተማሪ አደረጉት። ወሬው እንዲህ እያደገ እኛ ዘንድ ደረሰ።

እስቲ አስቢው። በእጃችን ያለው አንድ ማዕድ ነው። ቁርኣን ግን ሙስሊሞቹ እንደሚሉት ከ610 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) 23 ዓመት ያህል በመካና በመዲና በየጊዜው ወረደ የሚባል ነው። ጦርነት ሲነሣ፣ ስለ ፍቺና ስለ ውርስ ጥያቄ ሲመጣ። ሙሐመድ በ632 ሲሞት በአንድ ጥራዝ አልተሰበሰበም ነበር። እርሱን በተካው በመጀመሪያው ኸሊፋ (የሙስሊሞች መሪ) በአቡበክር ዘመን ዘይድ ኢብን ሣቢት የተባለው ጸሐፊ በየቦታው ከተጻፈውና ሰዎች በቃል ከያዙት አሰባሰበው። በ650 ገደማ ኸሊፋው ዑሥማን አንድ ወጥ ቅጂ አስጽፎ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ላከ። 114 ምዕራፍ ያለውን ይህን መጽሐፍ አንድ ቀን ነጋዴ የጋበዘ መነኩሴ ጻፈው ስትያት፣ ጓደኛሽ የምትረዳው ታሪኳን አለማወቅሽን ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ክርስቶስ የምትነግሪያትን በየትኛው ጆሮዋ ትስማሽ?

«ታዲያ የእመቤታችንና የዘካርያስ ታሪክ እንዴት እዚያ ገባ?» ትይኝ ይሆናል። ለዚህ የተደበቀ መነኩሴ መፈለግ አያሻም። በዚያ ዘመን ዐረብ አገር ክርስቲያን ሞልቶበት ነበር። የናግራን ሰማዕታት በ523 አካባቢ የተሠዉት እዚያ ነው፤ አፄ ካሌብም ባሕር የተሻገረው ለእነርሱ ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የመንን የገዛው አብርሃ ሰንዓ ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሠርቷል። መካ ውስጥ ራሱ የሙሐመድ ሚስት የኸዲጃ የአጎት ልጅ ወረቃ ክርስቲያን እንደነበረ መጻሕፍታቸው ይናገራሉ። ሕፃኑን ሙሐመድን የተንከባከበችው ኡሙ አይመን ሐበሻ ነበረች። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በየገበያው፣ በየቤቱ ይወራ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሳልሸፋፍን። እኛ ቁርኣንን የእግዚአብሔር ቃል ብለን አንቀበልም። የማንቀበልበት ምክንያት ግን ባሕይራ አይደለም። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥16) ባልንጀራህ የሌላ ሃይማኖት ሰው ካልሆነ በቀር አይልም። ብዙዎቻችን ለሃይማኖት ሲባል ትንሽ ማጋነን የሚፈቀድ ይመስለናል። አይፈቀድም።

አሁን ወደ ንጉሡ። በ615 ገደማ፣ መካን የያዘው ጎሣ ሰዎች ቁረይሾች ሲያሠቃዩአቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ግዛት መጡ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብን አልዓስንና አንድ ጓደኛውን የመካ ቆዳ እጅ መንሻ አስይዘው ላኩ፤ «የእኛ ከሃዲዎች ናቸው፤ መልሱልን» ለማለት። ንጉሡ ግን ሳልሰማቸው አሳልፌ አልሰጥም አለ። ምሳሌ 18፥13 «ሳይሰማ ነገርን የሚመልስ ስንፍናና እፍረት ይሆንበታል» እንዲል። ጀዕፈር የተባለው የስደተኞቹ አፈ ጉባኤ ቆሞ ተናገረ፤ ከሱረቱ መርየምም (በማርያም ስም ከተሰየመው የቁርኣን ምዕራፍ) አነበበ። ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ ይላሉ የሙስሊም ታሪክ ጸሐፊዎች፤ ጳጳሳቱም የያዙት መጽሐፍ እስኪርስ።

በማግስቱ ዐምር ሌላ ዘዴ አመጣ። «ስለ ኢየሱስ ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው» አለ። ጀዕፈርም አልደበቀም። የእግዚአብሔር ባሪያ፣ መልእክተኛው፣ ወደ ድንግል ማርያም የተላከ ቃሉና መንፈሱ ነው አለ። ንጉሡ ከመሬት ትንሽ እንጨት አነሣና ኢየሱስ ከተናገርከው ይህችን ያህል አይበልጥም አለ። ይህኔ በዙሪያው የነበሩት ታላላቆች አጉረመረሙ።

ይህን ቦታ ሁሉም ሰው ዘሎት ያልፋል። እኔ ግን ከአጉረምራሚዎቹ ወገን ነኝ። ያቺ እንጨት ትንሽ አይደለችማ! ወልድ ዋሕድ፣ እግዚአብሔርም ሰውም የሆነ አንዱ ክርስቶስ፣ እዚያች ላይ ነው ያለው። ሰዎቹ ልዩነቱ ገብቷቸዋል። ሆኖም ስደተኞቹን ማንም አላባረራቸውም። ንጉሡ እጅ መንሻውን መልሶ ላከ፤ እነርሱንም በሰላም ተቀመጡ አላቸው። መጠለያው የእምነት ስምምነት ደመወዝ አልነበረም። «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» (ማቴ. 25፥35) የሚለውን የሚያውቅ ክርስቲያን ያደረገው ነው። ከስደተኞቹ አንዱ ዑበይደላህ እዚሁ ክርስቲያን ሆኖ እንደሞተ፣ ሚስቱ ኡሙ ሐቢባ ግን በእስልምናዋ እንደጸናች የሚነግሩን እነርሱው ናቸው። እሱንም እሷንም ያስገደደ አልነበረም።

ሰልሟል ወይ? ሙስሊሞች አዎ ይላሉ፤ መሞቱን ሲሰማ ሙሐመድ መዲና ላይ ሆኖ የሙት ጸሎት እንደጸለየለትም ያስተምራሉ። እኛ አንቀበለውም። መንግሥቱ ክርስቲያን ሆኖ ቀጥሏል፤ በዚያ ዘመን የአክሱም ነገሥታት ያሠሩት ሳንቲም ላይ መስቀሉ አለ። የዚያን ሰው ልብ ግን እኔም አንቺም አላየነውም። በእርሱ ላይ ከጓደኛሽ ጋር መካሰስ ምን ይጠቅምሻል? እሷ ከሁሉም ነገር ያነሣችው ውለታ ነው። «አዎ፣ አስጠልሎአችኋል» ማለት የሚያስቸግር ነገር የለውም።

ልዩነታችን ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቁርኣን በአን-ኒሳእ ምዕራፍ 157ኛው አንቀጽ ላይ «አልሰቀሉትም» ይላል። እኛ «የተሰቀለውን ክርስቶስን እንሰብካለን» (1ቆሮ. 1፥23)። ይህ በወዳጅነት የሚለዝብ ልዩነት አይደለም። «እነርሱም እኮ ማርያምን ያከብራሉ፤ አንድ ነን» የሚሉኝንም እንደ ባሕይራ ወሬኞቹ ነው የምገሥጻቸው። ማክበራቸው እውነት ነው፤ በስሟ የተሰየመ ምዕራፍ አላቸው። ወላዲተ አምላክ ግን አይሏትም። ማክበርና ይህን ማመን ይለያያሉ።

ምናልባት በአል-ማኢዳህ 116 ያለውን ታነሣብሽ ይሆናል፤ ኢየሱስ «እኔንና እናቴን አማልክት አድርጋችሁ ያዙ» ብሏል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ። አትደንግጪ። እንዲህ ያለውን እኛም እናወግዛለን። የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ ከሙሐመድ ከ200 ዓመት በፊት፣ በዐረብ ምድር በማርያም ስም ኅብስት እየሠዉ ያመልኩ የነበሩ ሴቶችን ነቅፎ ጽፏል። እርሷ ትከበር፣ አምልኮ ግን ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ነው አለ። ይህን ንገሪያት። ለራሳችን ሰዎችም ብትነግሪልኝ ደስ ይለኛል፤ በየጽዋው የሚባለው አንዳንድ ነገር ኤጲፋንዮስን መልሶ የሚያስቆጣ ነው።

እንግዲህ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ለብቻዋ ስትሆን «ስለ ባሕይራ ያልኩሽ ሳላጣራ ነው፤ ይቅርታ» በያት። ይቅርታሽ ስለ ወሬው እንጂ ስለ እምነትሽ አይደለም፤ ስለዚህ አትፍሪ። «ቢሆንም እኮ…» የሚል ቅጥያ አትጨምሪበት። በዚያው ዕለትም ክርክር አትክፈቺ። ስለ መስቀሉ ራሷ ከጠየቀችሽ ከ1ቆሮንቶስ 15 መጀመሪያ ተነሺ፤ ጳውሎስ የጻፈው ከስቅለቱ 30 ዓመት ሳይሞላ ነውና ብዙ ታገኚበታለሽ። ጴጥሮስ እንዳለው ግን «በየዋህነትና በፍርሃት» ይሁን (1ጴጥ. 3፥15)። የማትመልሽው ካጋጠመሽ «ጠይቄ እነግርሻለሁ» በይና ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። ይቅርታውን ግን ከሰኞ አታሳልፊው።