ልጄን አቅፌ «መንግሥተ ሰማያት ይህ አይደል ወይ?» ማለቴ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ የአራት ዓመት ልጄ ሮጦ ይጠመጠምብኛል። ማታ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ትንፋሹ አንገቴን ሲያሞቀኝ፣ «መንግሥተ ሰማያት ይህ አይደል ወይ?» እላለሁ። ወዲያው ደግሞ እደነግጣለሁ። «ዓለምን ወይም በዓለም ያሉትን አትውደዱ» ተብሎ የለ? ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ሐሳቤ ይበተናል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ደስ ባለኝ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ከእኅቴ ጋር በውርስ ምክንያት ከተኳረፍን በኋላ ደስታ የቀረልኝ ልጄ ብቻ ነው። ይህ ደስታ ከእግዚአብሔር እየለየኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሳላንጠለጥልሽ ልንገርሽ፤ አይለይሽም። ልጅሽን አቅፈሽ ደስ ስላለሽ ንስሐ መግባት አያስፈልግሽም።

ስለ ጾሙ፣ ስለ ጸሎቱ፣ ስለ ቅዳሴው ሥርዓት አላነሣብሽም። እንደምታውቂው ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ግን ይህን ጥያቄ ስንቱ ጠይቆኛል መሰለሽ! ሁልጊዜ ያው ጥቅስ ይጠቀሳል፣ ሁልጊዜ የሚቀጥለው ቁጥር ይዘለላል። ሐዋርያው ዮሐንስ አትውደዱ ያለውን እዚያው ይዘረዝረዋል፤ የሥጋ ምኞት፣ የዓይን አምሮት፣ ስለ ገንዘብ መመካት (1ኛ ዮሐ 2፥16)። የተኛ ልጅ ትንፋሽ ከሦስቱ በየትኛው ይገባል? «እግዚአብሔር ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና» የሚለውን የጻፈልንም ይኸው ዮሐንስ ነው።

ጥቅሱ እንግዲህ ሰበብ ነው። ሥሩ ያለው ስለ መንግሥተ ሰማያት በልባችን በሣልነው ሥዕል ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምናስበው ከዚህ ምድር ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሩቅ አገር አድርገን ነው። ነጭ፣ ጸጥ ያለ፣ ሥጋ የሚባል የማይደርስበት፣ እግዜር ይቅር ይበለንና ትንሽም የሚሰለች። እንዲህ ካሰብን እዚህ ደስ ያለን ነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር የሰረቅነው ይመስለናል። የልጅ ልጆቻቸው ሲስቁ ፊታቸውን የሚያዞሩ አንድ ሽማግሌ አውቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልቤ እዚህ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው» አሉኝ። የሚያሳዝነው፣ ልባቸው እዚያም አልደረሰም። መሐል መንገድ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

ጌታችን ስለ መንግሥተ ሰማያት ሲያስተምር ምን ምን አነሣ? ማቴዎስ 13ን ክፈቺና እዪው። አንዲት ሴት ዱቄት ውስጥ የሸሸገችው እርሾ። አንድ ሰው በእርሻው የዘራው የሰናፍጭ ቅንጣት። መረብ። የተቀበረ መዝገብ። ዕንቁ የሚፈልግ ነጋዴ። ሰዎቹ በየቀኑ የሚነኩትን ነገር እያነሣ «ይህን ትመስላለች» አላቸው።

ከትንሣኤው በኋላ ያደረገው ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው አንድ ዓሣ እንኳ አልያዙም። ሲነጋ ባሕሩ ዳር አንድ ሰው ቆሟል። ጌታ መሆኑን ሲያውቅ ጴጥሮስ ልብሱን ታጥቆ ባሕር ውስጥ ዘለለ፤ እንግዲህ እንዴት ርሶ እንደደረሰ አስቢው። ሌሎቹም መረቡን እየጎተቱ ደረሱ። ምን አገኙ? የተቀጣጠለ ፍም፣ በላዩ ዓሣ፣ እንጀራም። ሞትን ድል አድርጎ የተነሣው ጌታ፣ ሰማይና ምድር የእርሱ የሆኑ ጌታ፣ እሳት አንድዶ ለደከሙ ሰዎች ምግብ እያዘጋጀ ነበር። «ኑ፥ ምሳ ብሉ» አላቸው። እኛ ብንሆን በመብረቅ መጥቶ ያስደነግጣቸዋል ብለን እንጠብቅ ነበር። የሚመጣው ሕይወት ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያን ፍም ደጋግሞ ቢያስበው ጥሩ ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እንድናደርግ በጸሎተ ሃይማኖት ያጸኑልን። ነፍስ ከሥጋ ተገላግላ ለዘላለም ትቀራለች አላሉንም። ልጅሽን ያቀፈው ክንድሽ ይነሣል እኅቴ።

ይህን ሁሉ ብዬ አሁን ደግሞ ትንሽ ልቆጣሽ ነው።

ሙሴ 12 ሰላዮች ወደ ከነዓን በላከ ጊዜ ኤሽኮል ከሚባለው ሸለቆ አንድ ዘለላ ወይን ቆረጡ። ሁለት ሰዎች በመሎጊያ ተሸክመውት ተመለሱ (ዘኁ 13፥23)። ሕዝቡ ያን ጊዜ ምድረ በዳ ነው ያለው። ርስቲቱን አላያትም፣ ፍሬዋ ግን ፊቱ ቀረበ። ዘለላው የምር የዚያች ምድር ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ ምድሪቱ አይደለም። ዘለላውን ታቅፎ «ደረስኩ» ብሎ እዚያው በረሃ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢኖር በጥቂት ቀን ውስጥ የሚታቀፈው የበሰበሰ ነገር ነው። ዘለላው የመጣው እንዲነሡና እንዲሄዱ ነበር። ከ12ቱ 10ሩ ግን ያንኑ ወይን እያዩ «አንችልም» አሉ።

ከደብዳቤሽ ያስደነገጠኝ አንቺን ያስደነገጠሽ መስመር አይደለም። «ደስታ የቀረልኝ ልጄ ብቻ ነው» ያልሽው ነው። የአራት ዓመት ልጅ የእናቱን ሙሉ ደስታ መሸከም አይችልም። ያድጋል። ሮጦ የማይጠመጠምብሽ፣ ክፍሉን ዘግቶ የሚቀመጥበት ዕድሜ ይመጣል፤ ጎረምሳ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ማደጉን እንደ ክህደት እንዳትቆጥሪበት እፈራለሁ። ጴጥሮስም በተራራው ላይ የጌታን ፊት እንደ ፀሐይ ሲያበራ ቢያይ ሦስት ዳስ ልሥራ ብሎ ነበር። መቅረት አማረው፤ ማን ይፈርድበታል? ዳሱ ግን አልተሠራም። ከተራራው ሲወርዱ የጠበቃቸው በሚጥል በሽታ የሚሠቃይ ልጅና ተንበርክኮ የሚለምን አባት ነው (ማቴ 17)። ጌታ ብርሃኑን ያሳያቸው ወደዚያ ልጅ ይዟቸው ሊወርድ ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ ብትይኝ፣ ብዙ አይደለም። ልጅሽ ትከሻሽ ላይ ሲተኛ አትደንግጪ። እዚያው ባለሽበት፣ ሳታስቀምጪው፣ «ተመስገን ጌታዬ፣ ይህ ካንተ ነው» በዪ። በቃ። «በጎ ስጦታ ሁሉ ፍጹምም በረከት ሁሉ ከላይ ናቸው» የሚለውን የያዕቆብን ቃል በተግባር ማንበብ ይሉሻል ይህ ነው። ያመሰገንሽበት ደስታ ጣዖት ለመሆን ይከብደዋል።

ስለ ቅዳሴው አትጨነቂ ስልሽ ሐሳብሽ ቢበተን ችግር የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሰብስቢው። የሄደውን ያህል ጊዜ መልሰሽ አምጪው። ነገር ግን ስሜትን ሚዛን አታድርጊው። እንባ ፍለጋ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው የሚዞሩ ወጣቶች ገጥመውኛል። ያለቀሱ ቀን ጌታ ጎበኘን ይላሉ፣ ያላለቀሱ ቀን ተተውን ይላሉ። ቅዱስ ቁርባኑ ግን የእነሱን እንባ አይጠብቅም። ጌታ ተሰጠ፣ ተቀበልሽ፣ ሞላ። በሚቀጥለው ቅዳሴ ያንን የማታውን «ተመስገን» ይዘሽ ግቢ፤ እዚያ ከጉባኤው ምስጋና ጋር ይቀላቀላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ በኋላም ምንም ላይሰማሽ ይችላል።

ደስ ሲልሽ የሚመጣውም እንባ በደል አይደለም። አባትሽ ይህን ልጅ ሳያዩት ቀሩ፣ ወይም ጥቂት አይተውት ሄዱ፤ ደስታው ጎዶሎ መሆኑን ልብሽ ያውቃል። መክብብ «ዘላለምን በልቡ ሰጠው» ያለው ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይያዛል። ናፍቆት ነውና አታፍኚው። ራእይ 21 ላይ እግዚአብሔር እንባዎችን ሁሉ ከዓይኖቻቸው ያብሳል ተብሏል፤ እያለቀሱ የሚደርሱ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

አሁን በአንድ መስመር አንሥተሽ ወዳለፍሽው ነገር ልምጣ። ስለ እኅትሽ ነው።

የይስሐቅ ልጅ ያዕቆብ «ይህ የሰማይ ደጅ ነው» ያለበትን ቦታ ታስታውሻለሽ። ድንጋይ ተንተርሶ ሜዳ ላይ አድሮ ነው። ያን ሌሊት ለምን ሜዳ ላይ አደረ? ከወንድሙ ሸሽቶ ነዋ። ጠባቸውም ያው በአባት በረከትና በብኩርና ነው፣ እናንተ ውርስ እንደምትሉት። መሰላሉን አየ፣ መላእክቱን አየ፣ ተስፋውን ሰማ። ጠቡ ግን እንዳለ ነበር። አጎቱ ላባ ቤት 20 ዓመት ኖረ። ሲመለስ በፍርሃት እየሰገደ ወደ ዔሳው ቀረበ፤ ዔሳው ደግሞ ሮጦ አቀፈው፣ አንገቱ ላይ ወድቆ ሳመው፣ ሁለቱም አለቀሱ። ያን ጊዜ ያዕቆብ ለወንድሙ ያለውን ዘፍጥረት 33፥10 ላይ አንብቢው። ፊትህን ማየቴ የእግዚአብሔርን ፊት እንደማየት ሆነልኝ ነው ያለው። የሰማይን ደጅ በሕልሙ ያየ ሰው ነው ይህን የተናገረው፤ ለዚያውም ሊገድለኝ ነው ብሎ ለሸሸው ወንድሙ!

ቅዳሴ ላይ ሐሳብሽ የሚበተነው በዚህ ጠብ ነው አልልሽም፤ እሱን እግዚአብሔርና አንቺ ታውቃላችሁ። ነገር ግን በመሠዊያው ፊት የቆመ ሰው ወንድሙ አንዳች በእርሱ ላይ እንዳለው ቢያስብ መባውን ትቶ ይሂድ፣ አስቀድሞ ይታረቅ የሚለውን (ማቴ 5፥23-24) ልሸፍንልሽ አልችልም። ልብ በዪ፣ ጌታ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። የውርሱ ሕጋዊ ነገር ካለ በሽማግሌም በሕግም ይለቅ፤ መብትሽን ተዪ አላልኩሽም። ሰላምታ መከልከል ግን የውርስ ክርክር አካል አይደለም። ልጅሽም አክስቱን ይወቃት።

ቀጣዩ ቅዳሴ ሳይደርስ ደውዪላት። ስለ ቤቱም ስለ ገንዘቡም አታንሺ፤ ደህንነቷን ብቻ ጠይቂያት። ካላነሣች መልእክት ጻፊላት። ካልመለሰች ደግሞ ትንሽ ቆይተሽ ድገሚው፣ ለእኔም ጻፊልኝ።