አዲስ ወይስ ያገለገለ? መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣

መኪና ልትገዙ ስታስቡ «ጋሼ፣ በዚህ ብር አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ?» ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃችኋለሁ። በገዛችሁ ማግስት እጃችሁ ላይ ስንት ብር ይቀራል? አብዛኞቻችሁ ዝም ትላላችሁ። ሒሳቡ ሁሉ የተሠራው እስከ ግዢው ቀን ድረስ ነዋ።

ለረጅም ዓመታት በኢንሹራንስ ሥራ የተሽከርካሪ ጉዳት ገማች ነበርኩ። መኪና የማየው ተጋጭቶ ጋራዥ ሲገባ ነው። ላሜራው ተገልጦ፣ ሞተሩ ወርዶ፣ ላሜራው ላይ የተለሰነው ስቱኮ ተፈርፍሮ። ስለዚህ ምክሬ ጥርጣሬ የበዛበት ቢመስላችሁ አትፍረዱብኝ።

በቅድሚያ ከዩቲዩብ የሰማችሁትን እናጥራ። በውጭ አገር አዲስ መኪና ከመሸጫው እንደወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ሦስት አራት ዓመት የተነዳውን ግዛ ይባላል። ለእነሱ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ቪትዝ ገዝቶ ለዓመታት ነድቷት ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው በየሰፈሩ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። አገር ውስጥ ያሉት ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ተተኪ አጡ። ዋጋቸውም ሰማይ ወጣ።

ይህን አይቶ «መኪና ኢንቨስትመንት ነው» የሚል ሰው አለ። እኔ አልስማማም። የእናንተ ሲጨምር የጎረቤታችሁም ጨምሯል። ሸጣችሁ ሌላ ልግዛ ስትሉ እዚያው ናችሁ። ከዚያ ላይ የጎማውን፣ የቦሎውን፣ የጋራዡን ቀንሱ።

እንግዲህ ዛሬ «አዲስ» ስንል በአብዛኛው የምናወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። «ያገለገለ» ስንል ደግሞ ስለ ቤንዚን። ጥያቄው ከድሮው ተቀይሯል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ሲያስከፍል ገበያው ተገለበጠ። ቢዋይዲው፣ ቻንጋኑ፣ አይዲ 4ቱ መንገዱን ሞላው። የታክሱ ነገር ቶሎ ቶሎ ይቀያየራልና የምትሰሙትን ዋጋ በሰማችሁበት ሳምንት ብቻ እመኑት።

የኤሌክትሪክ መኪና የማያስፈልጋት ብዙ ነው። የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። ማደያ ተሰልፎ ግማሽ ቀን ማባከንም የለም። ትንሿ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ12 እስከ 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች። የቤታችሁን የመብራት ታሪፍ አውጥታችሁ አባዙት። ከዚያ ለዚያው ርቀት ሰባት ሊትር ቤንዚን ስንት እንደሚያወጣ አስሉ። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ግን መኪናዋ የት ነው የምታድረው? ግቢ ያለው ቤት ውስጥ ከሆናችሁ፣ የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ማታ ሰክታችሁ ትተኛላችሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታችሁ መኪናዋን ሜዳ ላይ የምታሳድሩ ከሆነ ግን ወዮላችሁ። በመስኮት ገመድ ጥላችሁ ኃይል ልትሞሉ ነው? የሞከሩ አሉ። ገማች ሆኜ እንዲህ ዓይነቱን ገመድ ሳይ ዓይኔን ጨፍኜ ማለፍ አልችልም። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ መሳብ እሳት መጥራት ነው። ሥራችሁ ክፍለ ሀገር የሚያስወጣችሁ ከሆነም እንዲሁ። ከአዲስ አበባ ርቃችሁ ስትሄዱ ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታ ከወዲሁ ካላወቃችሁ የቤንዚኗ ትሻላችኋለች።

ሌላም አለ። እኛ ጋ የሚገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። መሰኪያቸው ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ነው፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ 2 ነው የሚጠቀሙት። ልትጠቀሙበት ያሰባችሁት ጣቢያ የትኛው እንዳለው ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። ስክሪኑም በቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ዋስትናውን ማን ነው የሚሰጠው? ፋብሪካው ነው ወይስ አስመጪው? «ባትሪው የስምንት ዓመት ዋስትና አለው» ሲባል ወረቀቱን አምጡ በሉ። የአስመጪው ማህተም ብቻ ከሆነ፣ አስመጪው ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ንግድ ቢጀምር ወረቀቷን ፍሬም ውስጥ አድርጋችሁ ትሰቅሏታላችሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሆዷ ነው። ባትሪው የተነጠፈው ከወለሉ ሥር ነው። የእኛን የፍጥነት ማብረጃና የሰፈር ድንጋይ ታውቃላችሁ። የነዳጅ መኪና ሆዷን ስትመታ ማርሚታው ይጎዳል፣ በያጅ ይበየዳል፣ ያልፋል። የኤሌክትሪኳ ባትሪ ከተቀደደ ግን ጥገናው የመኪናዋን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ያገለገለች ኤሌክትሪክ የምትገዙ ከሆነ ሊፍት ላይ ሳትወጣ፣ ሥሯ ሳይታይ፣ የባትሪው ጤንነት በኮምፒውተር ሳይነበብ ብር አታውጡ። ዋጋዋም እንደ ቪትዝ እየጨመረ ይሄዳል ብላችሁ አትጠብቁ። ፋብሪካዎቹ እርስ በርስ እየተፎካከሩ የዘንድሮውን ሞዴል ራቅ የሚሄድና ረከስ ያለ አድርገው ሲያመጡ የአምናው ይወርዳል።

ቅድመ ክፍያን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው። ያላያችሁትን መኪና፣ «ከሦስት ወር በኋላ ጅቡቲ ይደርሳል» የተባለውን፣ በቁጠባችሁ አትግዙ። ገንዘብ ሰብስበው መኪናውን ሳያስረክቡ የቀሩ ነበሩ። ከፋዩ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ዓመታት አለፉ፤ ብሩ ቢመለስም የሚገዛው ነገር ግማሽ ሆኗል።

አሁን ወደ ቤንዚኗ እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልናገር፤ ሙያዬ ነው።

ደላላው የሚለውን ታውቁታላችሁ። «አንድ እጅ ናት። ዶክተር ናቸው የያዟት። ገብቶ መንዳት ብቻ ነው።» አገራችን ስንት ዶክተር እንዳላት የመኪና ደላላ ሰፈር ስትሄዱ ነው የሚገባችሁ። እሺ በሉትና መኪናዋን ጠዋት፣ ሳትነሳ ላያት እፈልጋለሁ በሉ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ። ከሞቀ ቀድሞ አስነስቷታል። ምክንያት ይኖረዋል። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያጨሰውንና የሚያንኳኳውን የሞቀ ሞተር ይደብቃል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እያቃጠለች ነው። ከሞቀች በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ከሆነ ውኃ እየገባ ነው፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይከፈታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ገላዋን እዩ። ጠዋት በፀሐይ እንጂ ማታ በመብራት አይሁን። በአንዱ ጎን ጥግ ቆማችሁ በረጅሙ ተመልከቱ። የበሩና የፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ቀለም ልዩነት እንደዚያ ስታዩት ይጋለጣል። በበሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው? ፓራፋንጎውን የያዙት ብሎኖች ራሳቸው ላይ የመፍቻ ጭረት አለ? ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስጠጉ። ሌላው ቦታ ላይ እየያዘ አንድ ቦታ ከተወ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ዛሬ ፕላስቲክና አሉሚኒየም የሆኑ ክፍሎች ስላሉ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ፍንጭ ግን ይሰጣል። መስታወቶቹ ጥግ ላይ ያለውን፣ የተሠሩበትን ጊዜ የሚጠቁመውን ጽሑፍ አንብቡ። አንዱ ከሌሎቹ በዓመታት ዘግይቶ የተሠራ ከሆነ ተቀይሯል። ለምን ተቀየረ?

ቁልፉን አዙሩ፤ ሞተሩን አታስነሱ። የኤርባግ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርታ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ተነቅላ ሊሆን ይችላል። ኤርባጉ ፈንድቶ ሳይተካ ሽፋኑ ብቻ የተለጠፈበት መኪና በሥራዬ ላይ አይቻለሁ። ከባድ አደጋ ደርሶባቸው ኢንሹራንስ ሙሉ ዋጋቸውን የከፈለባቸው መኪናዎች በጨረታ ይሸጣሉ። ገዢው ያስጠግናቸውና ወደ ገበያ ይመለሳሉ። ሕገ ወጥ አይደለም። ግን በዚያው ዋጋ መግዛት የለባችሁም።

ኪሎ ሜትሩን አትመኑ። ማስቀነስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የፍሬኑን ፔዳል ጎማ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ ተመልከቱ። 60 ሺህ የሚል ቆጣሪና እንደ ሳንቲም የላሸ ፔዳል አብረው አይሄዱም። ከዚያ መካኒክ አምጡ፤ የራሳችሁን። ደላላው «እኔ የማውቀው ጎበዝ ልጅ አለ» ካላችሁ አመስግኑትና ተዉት። መለዋወጫዋንም አስቡ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የቪትዝ ዕቃ ብትጠይቁ አዲሱም አሮጌውም ይወጣላችኋል። በርካሽ ያገኛችኋት ብዙም ያልተለመደች መኪና ግን አንድ ዕቃ ፍለጋ ወር ሙሉ ልታቆማችሁ ትችላለች።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለባት ፋይሏ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱም መፈረም አለባት።

ውክልና የሚባለውን ነገር ለብቻው ልንገራችሁ። የስም ማዞሪያውን ወጪ ለመሸሽ ብዙ ሰው በውክልና ይገዛል። መኪናዋ በሦስት አራት ሰው እጅ ታልፋለች፤ ሊብሬው ግን አሁንም በመጀመሪያው ሰው ስም ነው። ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ወካዩ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ያን ጊዜ የማታውቋቸው ወራሾች ደጅ ስትጠኑ ትኖራላችሁ። ስም የማይዞርላትን መኪና በምንም ቅናሽ አትግዙ።

ኢንሹራንስ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። በአዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ነው፤ እሱ የእናንተን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ሽፋን ስትገቡ ደግሞ የዛሬውን የገበያ ዋጋ ጻፉ። 2 ሚሊዮን የምታወጣውን መኪና ዓረቦን ለመቀነስ ብላችሁ በ1 ሚሊዮን ብታስገቧት፣ የ200 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስባት ግማሹን ብቻ ነው የምታገኙት። ለስንቱ ሰው ይህን ሳስረዳ ኖሬያለሁ! ሁሉም «ማን ነገረኝ?» ይላል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ያላችሁን ከአምስት ክፈሉት። አራቱ መኪና ይግዛ፤ አንዱ ስም ማዞሪያ፣ ኢንሹራንስ፣ ጎማና የመጀመሪያው ጋራዥ ይሁን። ያገለገለች ስትገዙ ከሩብም በላይ አስቀሩ። ዕቁብ ወጥቶላችሁ ከሆነ ገና የምትጥሉት እንዳለ አትርሱ፤ በየወሩ ዕቁብ፣ ነዳጅና የቤት ኪራይ አንድ ላይ ይመጣሉ። ውጭ ያለ ዘመድ ጨምሮላችሁ ከፍ ያለችውን ከመግዛት በራሳችሁ ብር ዝቅ ያለችውን ግዙ የምለው ለዚህ ነው። መግዣውን ይጨምርላችኋል፤ በየክረምቱ ጎማ አይልክላችሁም። ሠርግ ላይ ምን ይዛችሁ እንደመጣችሁ የሚያየው ሰው ደግሞ ማግስቱን ረስቶታል።

የመረጣችኋት ካለች ቅዳሜ ጠዋት አብሬያችሁ እመጣለሁ። ደላላው ሞተሩን እንዳያሞቃት ብቻ ሰዓቱን አትንገሩት።