የጋዝ ማሞቂያና ሪሞቱ፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ

እንዴት ሰነበታችሁ የጎጃም ልጆች? ክረምቱ ገባ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ብርዱ ጋቢ አልፎ አጥንት ይነካል። እኔ ፍሪጅና ምድጃ ጠጋኝ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ውጭ ያለ ዘመድ የላከውን የጋዝ ማሞቂያ ተሸክሞ የሚመጣብኝ ሰው በዝቷል። የሁሉም ጥያቄ ስለ ሪሞቱ ነው። ዛሬ ማታ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ ያላችሁን አምጡ።

ከእንጅባራ፦ ጋሼ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ ቤቱን እንዲያሞቅልኝ ሪሞቱን ሞላሁት። ሌሊቱን ሙሉ ዝም አለ። ቀን ሥራ ቦታ እያለሁ ጎረቤቴ ደውላ «በመስኮትህ እሳት ይታየኛል» አለችኝ። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም ወንድሜ። ያጣላችሁ ሰዓት ነው። የሪሞቱን ሰዓት ከስልክህ አይተህ በፈረንጅ ሞላኸው፤ ፕሮግራሙን ግን በእኛ ሰዓት አሰብከው። «11:30 ኤኤም» ስትለው እሱ የገባው ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ያንን አደረገ። አንተ የፈለግከው በፈረንጅ 5:30 ኤኤም ነበር።

ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ሁሉንም በፈረንጅ ሞልቶ ስድስት ሰዓት እየደመሩ እየቀነሱ መኖር ነው። ሁለተኛውን እኔ ቤቴ አድርጌዋለሁ። ጠዋት ልክ 12 ሰዓት ሲሆን ሪሞቱን 12:00 ኤኤም በለው። ከዚያ በኋላ ኤኤም ማለት ቀን፣ ፒኤም ማለት ማታና ሌሊት ነው፤ ቁጥሩም ከግድግዳ ሰዓትህ ጋር አንድ ይሆናል። ለማሞቂያው ግድ የለውም፤ እሱ የሚቆጥረው የተሰጠውን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። እንዲህ ስትሞላው ቀኑ የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ጎህ ሲቀድ ነው። እሑድ ለቅዳሴ ሌሊት 11 ሰዓት የምትነሣ ከሆነ ሪሞቱ ያን ሰዓት ገና ቅዳሜ ብሎ ነው የሚያየው። ፕሮግራሙን ቅዳሜ ላይ ሙላው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት እሑድ በብርድ ተነሥቻለሁ።

ደግሞም ሰው በሌለበት ቤት እሳት እንዳይነሣ እስክትለምደው ድረስ ፕሮግራሙን ተወውና በእጅ አብራው።

ከቢቸና፦ ሪሞቱና ማሞቂያው አይተዋወቁም። ምን ላድርግ?

ማሞቂያው ሥር ወይም ጎኑ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን አለ። ሦስት ቦታ የሚቆም ማብሪያ አለው፦ የተዘጋ፣ የበራ፣ ሪሞት። ሪሞት ላይ አድርገው። ከዚያ በቀጭን ነገር የሚነካ ትንሽ ቀዳዳ ታገኛለህ፤ ተጫነው። «ጢጥ» ሲል ሪሞቱ ላይ አንዱን ቁልፍ ንካ። ከዚህ በፊት ግን የሁለቱንም ባትሪ ድንጋይ ቀይር። ከአሥር ሰው ስምንቱ ጋ ችግሩ እሱ ነው። ሳጥኑም የራሱ ድንጋይ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም።

ከሞጣ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ፣ ማታ ማታ ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ብርዱ ግን እንዳለ ነው። ሪሞቱን እንዳይጠፋብኝ ከጎኔ አድርጌው ነው የምተኛው።

እማማ፣ ነገሩን ራስዎ ነገሩኝ። ሙቀት የሚለካው ማሞቂያው አይደለም፤ ሪሞቱ ነው። ውስጡ ሙቀት መለኪያ አለው። እርስዎ ጋቢ ውስጥ ሲያስገቡት የሚለካው የእርስዎን ገላ ነው። «ቤቱ ሞቋል» ብሎ ያጠፋዋል። ሪሞቱን ከማሞቂያው ራቅ አድርገው፣ ደረት በሚያህል ከፍታ፣ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። መስኮት ላይ አይሁን፤ እዚያ ደግሞ ብርዱን እየለካ እሳቱን ሌሊቱን ሙሉ ያነደዋል። ቡና የሚፈላበት ማንደጃ አጠገብም አይሁን።

ለመሆኑ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው እንዴ የሚያነዱት? ከታች የአንዲት እህት ጥያቄ አለ፤ እባክዎ እሱን ያንብቡ።

ከደብረ ማርቆስ፦ የእኔ ሪሞቱም ሰዓቱም ደህና ነው። ግን በበራ በአሥር ደቂቃ ይጠፋል። እህቴ አሜሪካ ቆላ ከተማ ውስጥ ትሠራበት ነበር፤ እዚያ እንከን የለውም። አንዱ ጠጋኝ «ሴንሰሩን ልቁረጥልህ» አለኝ።

እንዳይቆርጠው! ይህ ዋናው ጥያቄ ነውና ቡናዬን አስቀምጬ ልመልስ።

ጭስ ማውጫ የሌላቸው ማሞቂያዎች የኦክስጅን ጠባቂ አላቸው፤ ጠጋኙ «ሴንሰር» ያለህ እሱን ነው። ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ትንሿ ነበልባል፣ ፓይለት የምንላት፣ አንዲት የብረት ዘንግ ትልሳለች። ዘንጓ ስትግል በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ያ ኤሌክትሪክ የጋዙን በር ከፍቶ ይይዛል። ክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን ሲቀንስ ነበልባሏ ትንሳፈፍና ከዘንጓ ትርቃለች። ዘንጓ ትበርዳለች፣ በሩ ይዘጋል። የተለመደው 21 በመቶ ያህል የሆነው ኦክስጅን ወደ 18 በመቶ ሲወርድ እንዲዘጋ ነው የተሠራው።

አሁን ወደ እኛ አገር እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሩብ ያህል ይሳሳል። የኦክስጅኑ ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፣ ግን አየሩ ራሱ ስስ ነው። ትንሿ ነበልባል ይህን አትለይም፤ አየር ያለቀ ይመስላትና ትንሳፈፋለች። አንዳንድ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያዎች መመሪያቸው ላይ ከ7,000 ጫማ በላይ ሊጠፉ እንደሚችሉ ተጽፏል። 7,000 ጫማ ማለት 2,130 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ከዚያ በላይ ነው። እንጅባራም እንዲሁ። ወደ ጮቄ ከወጣህማ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ አታስበው። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ያው ዕቃ እዚያ ሊሠራ ይችላል።

ስለዚህ ዕቃህ አልተበላሸም፤ ለዚህ ከፍታ አልተሠራም። ሴንሰሩ ዝም ብሎ ቢቆረጥ ኤሌክትሪኩ ስለሚቋረጥ የጋዙ በር ጭራሽ አይከፈትም፤ በሌላ መንገድ ቢታለፍ ይሠራ ይሆናል። ግን በዚህ ስስ አየር ጋዙ በደንብ ስለማይቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ የሚያስቆመውም ነገር አይኖርም። መፍትሔው ፋብሪካው ለደጋ የሠራው ማቃጠያና ፓይለት ካለ እሱን መግጠም ነው። ካልተገኘ ደግሞ ዕቃውን ቆላ ላለ ዘመድ መስጠት። አሜሪካኖች ራሳቸው በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ ገደማ የእሳቱን ጉልበት ይቀንሳሉ።

ከዳንግላ፦ ማራገቢያ ያለው ነው። ሶኬት ላይ ስሰካው «ጧ» ብሎ ጭስ ወጣ።

120 ቮልት ላይ የሚሠራውን 220 ላይ ሰክተኸዋል። አዝናለሁ። ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ተቃጥሏል። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳያዩ አለመሰካት ነው። ትራንስፎርመር ቢገዛለትም ማራገቢያው ቀስ ብሎ ይሽከረከር ይሆናል፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ የእነሱ 60 ነው።

ከደጀን፦ ታዲያ መብራት ሲሄድስ ሪሞቱ ይሠራል?

እንደ ዕቃው ነው። በባትሪ ድንጋይ ብቻ የሚሠራው መብራት መሄዱንም አያውቅ። ሶኬት የሚፈልገው ይቆማል። ለጎጃም የምትገዙ ከሆነ የመጀመሪያውን ግዙ፤ ምክንያቱን መቼም ለእናንተ አልነግራችሁም።

ከቡሬ፦ ቡታ ጋዝ ተወዷል። 12.5 ኪሎው ሲሊንደር ስንት ቀን ያቆየኛል?

እንቁጠር። 4.2 ኪሎዋት የሚል ማሞቂያ ሙሉ ሲነድ በሰዓት 300 ግራም ገደማ ይበላል። ሲሊንደርህ 41 ሰዓት ያህል ነው። ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ብታነደው ሁለት ሳምንት አይሞላም። ፊቱ ላይ ከሚግሉት ሦስት ሰሌዳዎች አንዱን ብቻ ካነደድክ ወደ 120 ሰዓት ይደርሳል። እዚህ ላይ ሪሞቱ ይጠቅማል፦ 18 ዲግሪ ላይ አስቀምጠው፣ ከደረሰ በኋላ ራሱ ይቀንሳል። 25 አድርገህ በቲሸርት ልቀመጥ ካልክ ግን ኪስህን ጠይቅ።

ሌላ ሌባ አለ። ፓይለቷን ሁልጊዜ የምታነድ ከሆነ በቀን ከ350 እስከ 500 ግራም ትበላለች። በወር ገደማ አንድ ሲሊንደር ሙሉ ምንም ሳታሞቅ ትጨርሰዋለች! ሪሞቱ ዋናውን እሳት እንጂ እሷን አያጠፋትም። ጠዋት ስትወጣ በእጅህ ማዞሪያውን ዝጋ። ማታ ስታበራት ማዞሪያውን ተጭነህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዘው። እምቢ ካለች አምስት ደቂቃ ጠብቀህ ነው እንደገና መሞከር።

ከፍኖተ ሰላም፣ አንዲት እህት፦ የሦስት ወር ሕፃን አለኝ። ማሞቂያውን መኝታ ቤት አድርጌ ሌሊት እንዲነሣ ሞልቼዋለሁ። ሰሞኑን ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አሸተተችኝ።

እህቴ፣ ዛሬ ማታ እንዳታበሪው። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ከመኝታ ቤት አውጪው። ሕፃኑንም ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ጋዝ እያነደድሽ እንደተኛሽ ንገሪያቸው።

ጠዋት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ውጭ ሲወጡ ቀለል ማለት፤ ይህ የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ይወደዋል፤ አንዴ ከያዘው ቶሎ አይለቅም። ከሰል ገብቶበት ቤተሰብ እንዳለ ያለቀበትን ቤት ሁላችንም ሰምተናል። ማንደጃ በር ላይ አቃጥለን ካላጋምነው የማናስገባው ለዚህ ነው፤ የጋመውም ቢሆን ያው ገዳይ ነው። ጋዙ ከከሰል ንጹሕ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። በዚያ ላይ ሪሞት ሲኖረው ደግሞ እሳት መሆኑን እንረሳዋለን። ሪሞቱ ነበልባሉን ያዛል፣ አየሩን ግን አያዝም።

መኝታ ቤት የሚገባው ጭስ ማውጫው ወደ ውጭ የወጣ ማሞቂያ ብቻ ነው። ጭስ ማውጫ የሌለው ሳሎን ይሁን፣ ከላይና ከታች አየር ማስገቢያ ይኑር፣ ከመተኛት በፊት ይጥፋ። ነበልባሉ ሰማያዊ ካልሆነና ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ካመጣ አጥፊው። ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ልላክ?» ካለሽ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል በይው። ክብደቱ ከስልክ አይበልጥም።

ከአዴት፦ ጋዝ ጋዝ ሸተተኝ። በሪሞቱ ላጥፋው?

ሪሞቱን አትንካ! ሳጥኑ ውስጥ የእሳት ብልጭታ የሚፈጥር አለ። መብራትም አታብራ፣ አታጥፋም። ሲሊንደሩን በእጅህ ዝጋ፣ በርና መስኮት ክፈት፣ ውጣ። ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ሽታው የተጨመረበት እንድናውቀው ነው፣ ጋዙ ራሱ አይሸትም። ለዚህ ነው ዕጣን እየጨሰ ሲሊንደር አትቀይሩ የምላችሁ፤ ዕጣኑ ይሸፍነዋል። ከቀየራችሁ በኋላ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት። አረፋው ካበጠ ያፈሳል።

ከደብረ ማርቆስ፣ ሌላ፦ ግድግዳው አላበው፣ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ ግን የለም።

ያ ውኃ የመጣው ከጋዙ ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውኃ ይወጣዋል፣ በእንፋሎት መልክ። ኮርኒስ የሌለው ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲያገኝ ይንጠባጠባል። መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርግ። ካልደረቀ ክፍሉ አየር አጥሮታል ማለት ነው።

ከሉማሜ፦ ባሌ ሪሞቱን ስልክ መስሎት ኪሱ ከቶ ገበያ ሄደ። ማሞቂያው ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ጠፋ። ይህን ያህል ይናፈቃሉ እንዴ?

ሳቅኩ። ልክ ነሽ፣ ይናፈቃሉ። ብዙዎቹ ሪሞቶች በየ15 ደቂቃው «ቤቱ እንዲህ ሞቋል» እያሉ ለሳጥኑ ይነግሩታል። ሳጥኑ ለሁለት ሰዓት ምንም ካልሰማ ራሱን ያጠፋል። ጥሩ ጥበቃ ነው። ባልሽን ስልኩን አስታውሺው።

ከደንበጫ፦ ዘመዴ የላከልኝ «ለቧንቧ ጋዝ» የሚል ነው። ቡታ ጋዝ ላይ ብገጥመውስ?

አይሆንም። የቧንቧው ጋዝ ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ቡታ ጋዝ በዚያ ሲወጣ ነበልባሉ ክንድ ያህላል። እኛ ጋ ቤት የሚገባ የቧንቧ ጋዝ የለም። መልሰህ ላክለት፣ ወይም ዘመድህ ማቃጠያውን የሚቀይር ዕቃ ይላክልህ።

ከሞጣ፣ እኚያው እናት፦ ልጄ፣ ሪሞቱን መደርደሪያ ላይ አደረግኩት። ማሞቂያውንም ወደ ሳሎን አስወጥቻለሁ። ግን አሁን የልጅ ልጄ ነካክቶት 68 ዲግሪ ይላል። ቤቴ ሊቃጠል ነው?

አይዞዎት እማማ። ፋራናይት አድርጎት ነው። 68 ማለት በእኛ 20 ዲግሪ ነው፣ ደህና ነው። ከሪሞቱ ጀርባ፣ የባትሪ ድንጋዩን ክዳን ሲከፍቱ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እሷን አንዴ ቢጫኑ ይመለሳል። ከሌለች ሁለቱን ቀስቶች አንድ ላይ ይዘው ይሞክሩ። ልጁን ደግሞ አይቆጡት፤ የቁልፍ ምልክት ያለበት ካለ ለሦስት ሰከንድ ያህል ይዘው ይቆልፉበት።