ባለቤቴ «ምን ዋጋ አለው?» ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኪራዩ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት የልብስ ስፌት ቤቱን ከዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የስፌት መኪናው ሳሎን ጥግ አቡጀዲ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ስለ ሥራም ሆነ ስለ ልጆች ሲነሣ መልሱ «ምን ዋጋ አለው?» ነው፤ እኔ «አይዞህ፣ ሁሉም ጥሩ ይሆናል» ስለው ደግሞ ይቆጣል። ባለፈው ሳምንት፣ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትወስደው ልጃችን የሒሳብ ደብተሯን ዘግታ «አባዬ ልክ ነው፤ ማን አልፎ ነው እኔ የማልፈው?» አለችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ደጋግሜ ያነበብኩት ልጅዎ ደብተሯን የዘጋችበትን መስመር ነው፤ ልጆች ክፉ ቀንን እንዴት እንደሚተረጉሙት ብዙ ጊዜ የሚማሩት ከወላጆቻቸው አንደበት ነውና።

ባለቤትዎ ግን ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አገር ያወቀው ነው። ይህን የሚያውቅ፣ መተዳደሪያውንም ያጣ ሰው «ሁሉም ጥሩ ይሆናል» ሲባል ጉዳቱ እንዳልታየለት ይቆጥረዋል፤ ቁጣቸው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቲን ሴሊግማን ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ሊያመልጡት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ አጭር አጥር ዘለው ማምለጥ በሚችሉበት ቦታ ሳይቀር አብዛኞቹ ተኝተው ንዝረቱን ይቀበሉ ነበር። ወደ ሰዎች ሲመለስ ደግሞ ወሳኙ ነገር ሰው ለደረሰበት መከራ የሚሰጠው ምክንያት መሆኑን ተረዳ። «ኪራዩ ከገቢዬ በለጠ» ያለ ሰው ኪራይ የማይጠይቅ መላ ይፈልጋል፤ «እኔ የነካሁት አይቀናም» ያለ ግን የሚፈልገው ነገር አይኖረውም። የበጎ ተስፋ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ ሰውን ከተቀመጠበት ያስነሣዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 51 ወንዶች መካከል በጎውን ይጠብቁ የነበሩት ፈጥነው አገግመዋል፤ ወደ ለመዱት ኑሮም ቀድመው ተመልሰዋል።

ስለዚህ «ሁሉም ጥሩ ይሆናል» የሚለውን ቃል ለጊዜው ይተዉት። «ምን ዋጋ አለው?» ሲሉ በለሰለሰ ድምፅ «የትኛው ነገር?» ብለው ይጠይቋቸው፣ ታግሠውም ያድምጡ። መልሱ «ሁሉም ነገር» ከነበረበት ወደ አንድ የታወቀ ችግር ከጠበበ፣ ስለዚያ ስለ አንዱ ብቻ ተነጋገሩ። የልጅዎ ዩኒፎርም ጠርዙ ተተርትሮ ወይም ጠቧት ከሆነም ወደ ሌላ ሰፊ አይውሰዱት፤ ለእርሳቸው ይስጧቸው። አቡጀዲው ተገልጦ መኪናው ለአንድ ሰዓት ቢሠራ፣ እጃቸው ሙያውን እንዳልረሳ ራሳቸው ያዩታል፤ ይህን ደግሞ እርስዎም ሆኑ እኔ በቃል ልንነግራቸው አንችልም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከቀነሰባቸው፣ ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላቸው፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወደሚሰጥ ሆስፒታል አብረው ይሂዱ። ስለ ሞት ማውራት ከጀመሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ።

ለልጅዎ «ታልፊያለሽ» ብለው ቃል አይግቡላት፤ ማናችንም የማናውቀው ነው። ይልቅ ያን ዕለት ደብተሯን ስትዘጋ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደነበረች ይጠይቋት። ያንን አንድ ጥያቄ የሚያስረዳት መምህር ወይም የክፍል ጓደኛ በዚህ ሳምንት ውስጥ ይፈልጉላት፤ የሚቻል ከሆነም አባቷ ባሉበት ቁጭ ብላ ትሥራው።