ዊንዶውስ ተቀይሮ ፒችትሪ በኔትወርክ አልከፍት ላላችሁ፦ ጅማ ላይ እኛ እንዴት እንዳስተካከልነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የድርጅቱ ፋይል ያለበት ዋናው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 እንደሆነ ቀርቷል። ሁለቱ ወደ ዊንዶውስ 11 ተቀይረዋል። ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ሶፍትዌራችሁ ፒችትሪ 2010 በሁለቱ ላይ የድርጅቱን ፋይል አላገኝም ይላል። ባለሙያው ደግሞ «ሶፍትዌሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» ብሏችኋል። እኛ ቤት የደረሰው ቁርጥ ይኸው ነው። እኔም እዚሁ ጅማ፣ ሒርማታ አካባቢ ያለ የሕንፃ ዕቃ አከፋፋይ ዘንድ ሒሳብ እሠራለሁ። የፒችትሪን ሀሁ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። እኛ የከፈልነውን ዋጋ አንቺ እንዳትከፍዪ ነው የምጽፈው።

ሶፍትዌሩ አልሞተም። እርግጥ አሮጌ ነው። ፒችትሪ የሚለው ስም ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ ሴጅ 50 ተቀይሯል፣ 2010ሩን ሠሪው ድርጅት ከደገፈው ቆይቷል። እኛ ጋ ግን ዊንዶውስ 11 ላይ ዛሬም ይሠራል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ሪፖርት ያወጣል። የተበላሸው በኮምፒውተሮቹ መካከል ያለው መንገድ ነው። ስለዚህ አዲስ ለመግዛት አትቸኩዪ። አንድ ቀን አዲስ ብትገዙ እንኳ ይህን እወቂ፦ አዲሱ ቨርዥን ዳታውን አንዴ ከለወጠው በኋላ በ2010ሩ መልሰሽ አትከፍቺውም።

1. ማንኛውም ሰው ኮምፒውተሩን ከመንካቱ በፊት ባክ አፕ ውሰጂ። ሁሉም ሰው ከፒችትሪ ይውጣ። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ሆነሽ ከራሱ ከፒችትሪ ባክ አፕ አድርጊ። ከዚያ የድርጅቱን ፎልደር እንዳለ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገልብጪ። አንድ ሰው ገብቶ እየሠራ የተገለበጠ ፎልደር አይታመንም።

2. የድርጅቱን ፎልደር በየኮምፒውተሩ የሚገለብጥ ባለሙያ ከመጣ እጁን ያዢው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛን ያቃጠለን ይኸው ነው።

የመጣልን ልጅ ከአንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነበር። ሱቁን አልጠራም። መጀመሪያ አለቃዬን አዲስ ሶፍትዌር ግዙ አላቸው። እሳቸው እምቢ ሲሉ ሁለቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ቁጭ ብሎ ጥቂት ነካካ። ምን እያደረገ እንደሆነ ብጠይቀው «እናንተ ሒሳባችሁን ሥሩ፣ ኮምፒውተሩን ለእኛ ተዉልን» አለኝ። እንግዲህ ሒሳቡ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው! ከዚያ ሦስቱም ላይ ፒችትሪ ተከፈተ። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። አለቃዬም ደስ አላቸው።

ለካ ዳታውን ከዋናው ኮምፒውተር ገልብጦ ለእያንዳንዱ የራሱን ቅጂ ሰጥቶታል። ስክሪኑ ላይ ያው የድርጅታችን ስም ይታያል። ያው የደንበኞች ዝርዝር፣ ያው የዕቃ ዝርዝር። ማንም ልዩነቱን በዓይኑ ሊያየው አይችልም። የሽያጭ ሠራተኛዋ በራሷ ኮምፒውተር ኢንቮይስ ትመዘግባለች። ዕቃ ግምጃ ቤቱ በራሱ ላይ ግዢ ያስገባል። እኔ በዋናው ላይ ክፍያ እመዘግባለሁ። አንዱ መዝገብ ሦስት ሆኖ እያንዳንዱ በየፊናው ይሄዳል።

የታወቀው አንድ ደንበኛ ዕዳውን ሊከፍል ሲመጣ ነው። የዱቤ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የእኛ ማኅተም አለበት፣ የሽያጭ ሠራተኛችን ፊርማ አለበት። ስሙን ፈልጌ ከፈትኩ። ሒሳቡ ዜሮ። ሰውየው ቆሞ ያየኛል፣ እኔ ስክሪኑን አያለሁ። ተነሥቼ ወደ ሽያጭ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ሄድኩና ያንኑ ስም ከፈትኩ። ኢንቮይሱ እዚያ ቁጭ ብሏል። የመጨረሻውን የኢንቮይስ ቁጥር ሳነጻጽር የእሷ ከእኔ እጅግ ርቆ ሄዷል።

ፒችትሪ ሁለት ቅጂዎችን አንድ የሚያደርግበት መንገድ የለውም። አንዱን ትመርጫለሽ፣ የሌሎቹን ከወረቀት እያየሽ በእጅ ታስገቢያለሽ። እንዲያ አደረግን። የቫት ማሳወቂያ ቀን ደርሶ ነበር። መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት ወረቀቱን እየለየን፣ ሲመጣ እያስገባን አመሸን። ሱቁ ጋ ስንደውል «ክፈቱልን አላችሁ፣ ከፈትንላችሁ» አሉን። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም። የአለቃዬ ቁጣ ያረፈው ደግሞ እኛ ላይ ነው፣ እነሱ ላይ አይደለም። ይኼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ግን ቫቱን በቀኑ አሳወቅን፤ አንዲት ኢንቮይስ አልጠፋችም። የሽያጭ ሠራተኛዋና የግምጃ ቤቱ ልጅ ያን ሰሞን የሠሩትን ሥራ ሁልጊዜ በኩራት ነው የማነሣው።

ስለዚህ አሁኑኑ ይህን ፈትሺ። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ፒችትሪ የሚከፈት ከሆነ፣ እዚያ አንድ የሙከራ ደንበኛ መዝግቢና ዋናው ላይ ፈልጊው። ከሌለ ሁሉንም ሥራ አስቁሚ። በዚያው ቀን አስቁሚ።

3. ትክክለኛው ችግር ምን እንደሆነ። እኛን ያወጣን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ቅዳሜ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ «ዋናው ኮምፒውተር ላይ ዩዘርና ፓስወርድ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። የለንም። ፎልደሩ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ነበር ለዓመታት የሠራነው። መልሱ ያ ነበር። የ2024ቱ (እ.ኤ.አ.) የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ፣ 24ኤች2 የሚባለው፣ በዊንዶውስ 11 ፕሮ ላይ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት ሼር ፎልደር መግባትን ዘግቷል። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ግንኙነት የተፈረመ፣ ማለትም መንገድ ላይ እንዳልተነካ ማረጋገጫ ያለው፣ እንዲሆን ያስገድዳል፣ የእንግዳ ግንኙነት ደግሞ ሊፈረም አይችልም። ዊንዶውስ 7 ግን በዩዘርና በፓስወርድ ከተገባበት ይህን መፈረም ያውቅበታል። ዋናውን ኮምፒውተር ለዚህ ብላችሁ መቀየር አያስፈልጋችሁም።

እንዲህ አድርጊ። ዋናው ኮምፒውተር ላይ አዲስ ዩዘር ክፈቺ፣ ፓስወርድ ስጪው። የፒችትሪ ዳታ ያለበትን ፎልደር ለዚያ ዩዘር ሼር አድርጊ። ሼሪንግ የሚለውም ሴኩሪቲ የሚለውም ላይ ሙሉ ፈቃድ ስጪው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አድርጎ ሁለተኛውን ይረሳል፣ ከዚያ ፎልደሩ ይከፈታል፣ መጻፍ ግን አይቻልም። ቀጥለሽ በዊንዶውስ 11ዱ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ክሬደንሻል ማናጀር ግቢና የዋናውን ኮምፒውተር አድራሻ፣ ዩዘሩንና ፓስወርዱን መዝግቢ። ከዚያ በኋላ አይጠይቅሽም።

ኤስኤምቢ 1 ክፈቱ የሚል ባለሙያ ይመጣብሻል። ይህ በጣም የተለመደ ምክር ነው፣ ለአንቺ ግን አይሆንም። ኤስኤምቢ ኮምፒውተሮች ፎልደር የሚጋሩበት ሥርዓት ነው። አንደኛው ቨርዥን ከዊንዶውስ 10 ላይ የወጣው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በተለቀቀው ማሻሻያ ነው። ከዚያ በፊት በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው በር ገብቶ በዓለም ዙሪያ የሆስፒታል ሳይቀር ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። ዊንዶውስ 7 ሁለተኛውን ቨርዥን ያውቃል። ኤስኤምቢ 1 የግድ የሚሆነው እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላለ አሮጌ ማሽን ነው። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የደህንነት ማሻሻያ አያገኝም። ያን በር ሲከፍቱልሽ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ያለውን የድርጅቱን ሒሳብ ሁሉ ለአደጋ ማጋለጣቸው ነው። አልፈልግም በይ። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ኢሜይልም ፌስቡክም አትክፈቱበት።

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ እንኳ አንዱ ኮምፒውተር እምቢ አለ። የዋናውን ኮምፒውተር ሼር ፎልደር ያገናኘንበት ዜድ ድራይቭ ይታያል፣ ብትከፍቺው ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፒችትሪ ግን ዜድ የሚባል አላውቅም ይላል። ልጁ የፒችትሪን አይከን ጠጋ ብሎ አየና ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጋሻ አሳየኝ። ፒችትሪው እንደ አድሚኒስትሬተር እንዲከፈት ተደርጓል ማለት ነው። ዊንዶውስ አንድን ሰው በተራ ዩዘርነቱና በአድሚንነቱ ለይቶ ነው የሚያየው። ዜድን ያገናኘሽው በተራው ነው፣ በአድሚን የተከፈተ ፕሮግራም አያየውም። ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ ውስጥ፣ ሎካል ማሽን ከሚለው ተነሥተሽ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንት ቨርዥን፣ ፖሊሲስ፣ ሲስተም ድረስ ግቢ። እዚያ ኢኔብል ሊንክድ ኮኔክሽንስ (EnableLinkedConnections) የሚል ዲወርድ (የቁጥር ዋጋ) ክፈቺ። ሦስቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ያለ ክፍተት ተያይዘው ነው የሚጻፉት። ዋጋውን 1 አድርጊና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጊ። እኛ ጋ ወዲያው ነው የተከፈተው። ያ የሱቅ ልጅ አይከኑን ቢያየው ኖሮ ያን ሁሉ ባላየን ነበር።

ስለ አድራሻ ደግሞ። ጅማ ውስጥ መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመለስ አልነግርሽም፣ በተለይ በክረምት። መብራት በመጣ ቁጥር ራውተሩ ለዋናው ኮምፒውተር ሌላ አይፒ፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር፣ ሊሰጠው ይችላል። ትናንት የሠራው ዛሬ አይሠራም፣ ጥፋቱም ያለ ስሙ ፒችትሪ ላይ ይለጠፋል። ለዋናው ኮምፒውተር ቋሚ አይፒ ስጪው፣ ወይም ራውተሩ ላይ ያንኑ አድራሻ አስይዢለት። ዜድንም በኮምፒውተሩ ስም ሳይሆን በዚያ ቁጥር አገናኚው።

ፎልደሩ ተከፍቶ ፒችትሪ ግን ዳታቤዙን አላገኝም ካለ ወደ ፐርቫሲቭ ሂጂ። ፒችትሪ ዳታውን የሚያነበው በእሱ ነው። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ሰርቪስስ ውስጥ ፐርቫሲቭ እየሠራ መሆኑን እዪ፣ ኦቶማቲክ አድርጊው። ፋየርዎል ላይ ፖርት 3351ን እና 1583ን ክፈቺለት። ሁለቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ኔትወርኩ ፐብሊክ ከሆነ ፕራይቬት አድርጊው። ፋየርዎሉን ጨርሶ አጥፍቶ የሚሄድ ባለሙያ ካለ መልሰሽ አብሪው፣ ሁለት ፖርት ለመክፈት ሙሉ ግንብ አይፈርስም።

የፎቶ ኮፒ ማሽናችሁ ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር ይልክ ከነበረና እሱም ካቆመ አትደንግጪ። አሮጌዎቹ ማሽኖች ብዙዎቹ ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው የሚያውቁት። እኛ ስካኑን ወደ ፍላሽ እንዲያወጣ አደረግነው፣ ተለምዷል።

ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ከሆናችሁ ጥቅምት 30 እስኪያልፍ ዋናውን ኮምፒውተር ማንም እንዳይቀይረው። ዓመታዊ ሒሳቡ ከተዘጋና ከገባ በኋላ ብታሻሽሉት ይሻላል። ለአለቃሽም ይህንኑ ንገሪያቸው፣ ቀኑን ከጠቀስሽላቸው ይሰሙሻል።

አሁንም እምቢ ካለ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው። የድርጅቱንና የደንበኞቹን ስም ሸፍኚ። ዜድ ድራይቭ በእጅሽ ስትከፍቺው ይከፈት አይከፈት እንደሆነም ጻፊልኝ፣ ከየትኛው ወገን እንደምንጀምር የሚለየው እሱ ነው። ማታ ማታ አለሁ፣ እመልስልሻለሁ።