ብስኩት አዝዘን ዳቦ መጣልን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እዚህ አዳማ ወጣቶች ተሰልፈው ወንበር የሚጠብቁበት አንድ ምግብ ቤት ተከፍቷል። ደጃፉ ላይ «የደቡብ ብስኩትና የተጠበሰ ዶሮ» የሚል ጽሑፍ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴንና ከአሰላ ሊጠይቁን የመጡትን አማቴን ይዤ ሄድኩ። አማቴ «ደቡብ» የሚለውን አይተው ቆጮና ክትፎ የሚቀርብላቸው መስሏቸው ነበር፤ እኔም ብስኩት ሲባል ያሰብኩት ከሻይ ጋር የምናውቀውን ደረቁን ነው። የመጣልን ግን የቀዘቀዘ ድቡልቡል ዳቦ፣ ከጎኑ ማር፣ በሌላ ሳህን ደግሞ ነጭ ስጎ ነበር። የዶሮው ታፋ ሲከፈት አጥንቱ ዙሪያ ቀይ ሆኖ ስለታየ አማቴ ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ስጎው የአሳማ ነገር ይኖረው እንደሆነ አስተናጋጁን ብንጠይቀው «የፈረንጅ አሠራር ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ተታልለናል ወይስ ያላወቅነው ነገር አለ? አማቴ ደግሞ ዳቦውን ብቻ ረቡዕና ዓርብ መብላት ይቻል እንደሆነ ጠይቅልኝ ብለውኛል።

መልስ፦ በስሙ አልተታለላችሁም፤ በአቀራረቡ ግን ቅር መሰኘታችሁ ተገቢ ነው። ደጃፉ ላይ የተጻፈው ደቡብ የአሜሪካ ደቡብ ነው፤ ቨርጂኒያ፣ ቴነሲ፣ ኬንታኪ፣ ጆርጂያና አጎራባቾቻቸው ማለት ነው። በዚያ አገር ብስኩት የሚባለው ያለ እርሾ በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ትንሽ ዳቦ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣና «ሁለት ጊዜ የበሰለ» የሚል ትርጉም ያለው በመሆኑ፣ ለስሙ የሚቀርበው የእኛ የሻይ ብስኩት ነው ብላችሁ ብትከራከሩ እውነት ከእናንተ ጋር ናት።

አማትዎ ሳህኑን ባይገፉት ኖሮ አሠራሩን ሲሰሙ ብዙ ነገር የሚያውቁት ሆኖ ያገኙት ነበር። ሊጡ የሚለወሰው በአሬራ ነው። የቀዘቀዘ ቅቤ በጣት እየተፈረፈረ ከዱቄቱ ጋር ይደባለቃል፤ አሬራው ይጨመርበትና እጅ ሳይበዛበት ተድጦ ይቆረጣል፤ ከዚያም ከ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጋለ ምድጃ ይገባል። ቅቤው ሲቀልጥ ከውስጡ የሚወጣው እንፋሎት ሊጡን በንጣፍ በንጣፍ ይለያየዋል። ለዚህ የሚመረጠው ፕሮቲኑ አነስተኛ የሆነ ለስላሳ የስንዴ ዱቄት ሲሆን፣ ለተራ ዳቦ በተዘጋጀ ጠንካራ ዱቄት የሠራ ወይም ሊጡን እንደ ድፎ ዳቦ አጥብቆ ያሸ ሰው የሚያገኘው የሚጎተት ዳቦ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የቤኪንግ ፓውደሩም መጠን ከመጽሐፉ ትንሽ መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ፈጥኖ ይነፋና ይወድቃል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን ብስኩቱ ከምድጃ እንደወጣ ካልተበላ ጣዕሙ ይሄዳል። ስለዚህ ቀዝቅዞ መቅረቡ የአገሩ ወግ ሳይሆን የወጥ ቤቱ ስንፍና ነው፤ ትኩስ እንዲመጣላችሁ መመለስ መብታችሁ ነበር። ማሩ ግን ስሕተት አይደለም፤ ብስኩቱ ለሁለት ተከፍሎ ይቀባበታል፤ አንዳንዱ ዶሮውም ላይ ያፈሳል።

ስለ ቀዩ ነገር ስንመጣ፣ የአማትዎ ጥርጣሬ ከዶሮ ወጥ ቤት የመጣ መሆኑን እንረዳለን። በሎሚና በጨው ደጋግማ ያጠበችውን፣ አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ ለረጅም ሰዓት በቁሌት ያበሰለችውን ዶሮ የለመደች እናት አጥንት ሥር ቅላት ስታይ መደንገጧ አይቀርም። ይሁን እንጂ ለጥብስ የሚሆነው እንደ ሐበሻ ዶሮ የጠነከረው ሳይሆን በጥቂት ሳምንት የደረሰ ጫጩት መሰል የፈረንጅ ዶሮ ነው። የእንዲህ ያለው ዶሮ አጥንት ገና ስላልጠነከረ የመቅኑ ቀለም በአጥንቱ ውስጥ አልፎ ሥጋውን ያቀላዋል፤ በማቀዝቀዣ በረዶ ሠርቶ የቆየ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። የሥጋው መሐል 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ቅላቱ ቢኖርም ዶሮው በስሏል። በዓይን ብቻ መፍረድ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ጥሩ ወጥ ቤት በሥጋው ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር ይኖረዋል።

እዚህ ላይ የአዳማ ከፍታ እንደገና ይነሣል። ውሃ በእናንተ ከተማ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በዶሮው ውስጥ ያለው እርጥበት ቶሎ ስለሚተን፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ በሚሠራበት የዘይት ሙቀት የተጠበሰ ዶሮ ውስጡ ሳይበስል ቅርፊቱ ሊጠቁር ይችላል፤ መፍትሔው የዘይቱን ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎ ጊዜውን ማርዘም ነው። ቅርፊቱ የጠቆረ፣ ሥጋውም ሲነከስ የሚያንሸራትትና ከአጥንቱ አልላቀቅ የሚል ከነበረ፣ አማትዎ ልክ ነበሩ ማለት ነው።

ይህ ዶሮ የባቡር ታሪክ እንዳለው ለአዳማ ሰው ሳንነግር ማለፍ አልፈለግንም። በአሜሪካ ደቡብ የተጠበሰ ዶሮን ስመ ጥር ያደረጉት በአብዛኛው በባርነት የኖሩ ጥቁር ወጥ ሠሪዎችና ልጆቻቸው ናቸው። የእርስ በርስ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1865 ካበቃ በኋላ በቨርጂኒያ ጎርደንስቪል በምትባል ከተማ ጥቁር ሴቶች የተጠበሰ ዶሮ በሳህን ሞልተው፣ በራሳቸው ተሸክመው ባቡር ጣቢያ ይወጡና ለተሳፋሪው በመስኮት ይሸጡ ነበር። የጅቡቲውን የድሮ ባቡር የተሳፈሩ የአዳማ ሽማግሌዎች ይህን ትዕይንት ለመገመት አይቸገሩም።

አስተናጋጁ ሊመልሰው ያልቻለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በአገሩ ልማድ ብስኩቱ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይለወሳል፤ ነጩ ስጎም የሚሠራው የአሳማ ቋሊማ በተጠበሰበት ስብ ላይ ዱቄትና ወተት ተጨምሮ ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከዚህ ስለሚርቅ፣ ምናልባት ቤቱ በቅቤና በዘይት ተክቶት ይሆናል፤ ነገር ግን «ምናልባት» ለምግብ ጠያቂ የሚሰጥ መልስ አይደለም። ዶሮው በማን እጅ እንደታረደም እንዲሁ ሊነገራችሁ ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ከማዘዛችሁ በፊት ወጥ ሠሪው እንዲመጣ ጠይቁ፤ እሱም ካላወቀ ተነሡ።

ለአማትዎ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ብስኩቱ ቅቤና አሬራ ስላለበት የፍስክ ምግብ ነው፤ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ አይሆንላቸውም። «ታዲያ የተጠበሰውን ድንች ልብላ» ቢሉዎት፣ ድንቹ ዶሮ በወጣበት ዘይት አለመጠበሱን አስቀድመው ያጣሩላቸው፤ በእንዲህ ያሉ ቤቶች መጥበሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው።