አንደኛ ክፍልን የሚያስተምረው ማን ነው?

ውድ ልጆቼ፣

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ መምህራንን ሳሠለጥን ኖሬ ጡረታ መውጣቴን ስላወቁ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ልጅ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ይልከዋል። የምታመጧቸው ርእሶች የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ “ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች” የሚለው ሐረግ ከአንዱም አይጠፋም። ሁላችሁም ስለ ትምህርት ፍትሐዊነት መጻፍ ትፈልጋላችሁ፤ ይህ ደስ ያሰኘኛል። ቅር የሚለኝ ፍትሐዊነቱን የምትፈትሹት ከሰነድ ላይ መሆኑ ነው። በሰነድ ላይ አገራችን ፍትሕ አጓድላ አታውቅም።

ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ስናገር የከረምሁትን በአንድ ደብዳቤ ላስፍረው። ስለ እኩልነት ማጥናት የፈለገ ሰው ከሁሉ በፊት ወደ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሂድና አንደኛ ክፍልን ማን እንደሚያስተምር ይጠይቅ።

የመምህራን ምደባ ሲወጣ አይታችሁ እንደሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጎበዙ መምህር ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ይሰጠዋል፤ እዚያ ፈተና አለ፣ ርእሰ መምህሩም ወረዳ ላይ የሚጠየቀው በፈተናው ውጤት ነው። አዲሱ ምሩቅ፣ ከአስተዳደሩ ጋር የተኳረፈው፣ ጡረታው ደርሶ ጉልበቱ የደከመው ወደ ታች ክፍል ይወርዳል። “ከሕፃናት ጋር ምን ያስቸግራል?” ይባላል። ሁሉም ዘንድ እንዲህ ነው አልልም። ምርጥ መምህራቸውን ለአንደኛ ክፍል የሚሰጡ ርእሰ መምህራን አውቃለሁ፤ አብዛኞቹ ራሳቸው ታች ክፍል ያስተማሩ ሴቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ያገኘ ተማሪ የጥናት ርእስ ፍለጋ መንከራተቱን ያቁም።

አንደኛ ክፍልን አጥብቄ የያዝሁት ያለ ምክንያት አይደለም። መዋዕለ ሕፃናት ተከፍሎለት የተማረ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው ፊደል ለይቶ ነው፤ መምህሩ ቢሰንፍ እንኳ ማታ እናቱ ወይም ታላቅ እኅቱ ታስጠናዋለች። የቀን ሠራተኛዋ ልጅ ግን ከመምህሩ ሌላ ፊደል የሚያስቆጥረው ሰው የለም። ሁለቱ በአንድ ወንበር ተቀምጠው በአንድ ደካማ መምህር ቢማሩ፣ የሚጎዳው በዋናነት ሁለተኛው ነው። በመዝገብ ላይ ግን ሁለቱም “ትምህርት አግኝተዋል”።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ጄምስ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1966 ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት አውጥቶ፣ በልጆች ውጤት ላይ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የቤተሰቡ ኑሮ እንደሚያመዝን ጻፈ። ይህ ድምዳሜ ላለመሥራት ምክንያት ለሚፈልግ ሹም ሁሉ ተመቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ስቴፈን ሄይነማንና ዊሊያም ሎክስሊ 29 አገሮችን አወዳድረው ሌላ ነገር አሳዩ፤ አገሪቱ ድሃ በሆነች መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት በልጁ ውጤት ላይ ያለው ድርሻ ከፍ ይላል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ተከራክረውበታል፤ ክርክሩንም አንብቡት። ክፍል ውስጥ ቆሜ ካየሁት ጋር ሳስተያየው እኔ ለሁለቱ ሰዎች አደላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የታች ክፍሎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያኔ ብዙ ሰው አልደነገጠም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ በቀጣዩም ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ እንዳላሳለፉ ሲሰማ ግን አገሩ ሁሉ ተንጫጫ። ጫጫታው ዐሥር ዓመት የዘገየ ነው። እናንተም ጥናታችሁን በ12ኛ ክፍል ውጤት ላይ ስትሠሩ ያለቀ ነገር እየቆጠራችሁ ነው።

ስለ ቁጥር ካነሣሁ አይቀር፣ በአማካይ አትታለሉ። አንዱ ሁለት እንጀራ በልቶ ሌላው ጦሙን ቢያድር በአማካይ ሁለቱም አንድ አንድ በልተዋል። “የወረዳው የተማሪና መምህር ጥምርታ ደረጃውን ጠብቋል” የሚል ሪፖርት ሲሰጣችሁ፣ በየትምህርት ቤቱና በየፈረቃው ለያይታችሁ ጠይቁ። የጠዋቱንና የከሰዓቱን ፈረቃ ያለየ ጥናት እኔ ዘንድ ጥናት አይባልም።

የከተማ ዳር ደግሞ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተመቸ ነው። ቦሌ አራብሳን፣ ኮዬ ፈጬን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ እኛንም ተመልከቱ። ብሎኩ ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ ተሠራ፤ ሰውም ከመምህሩ ቀድሞ ገባ። የኮንዶሚኒየም ባለቤቱ ልጅ ማልዶ በሰርቪስ ወደ ግል ትምህርት ቤት ይሄዳል። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት የሚቀረው ለጥበቃው ልጅ፣ ለግንባታ ሠራተኛው ልጅና መሬቱ ለከተማ ለተወሰደበት ገበሬ ልጅ ነው። እነዚህ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋም አንድ አይደለም፤ አፋን ኦሮሞ አለ፣ ወላይትኛ አለ፣ ጋሞኛ አለ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ወስኗል፤ እኔም የምደግፈው ውሳኔ ነው። ሆኖም በአንድ ክፍል አራት የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲገኝ መምህሯ ምን ታድርግ? ይህንን ያሠለጠናት የለም። እስካሁን እኔ ዘንድ ከመጣችሁት አንዳችሁም ይህን ጥያቄ አላነሣችሁም።

የመምህሯን መንገድም ተከትላችሁ እዩት። ከመሀል ከተማ ሁለት ታክሲ ቀይራ የምትመጣ መምህርት ሰልፉ ሲረዝም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደግሞ በብዙ ቦታ ንባብ ወይም ሒሳብ ነው። ይህች መምህርት ዓመቱን ሙሉ ዝውውር ብትጠይቅ አይፈረድባትም። ከተሳካላትም የምትተካት ሌላ ጀማሪ ናት። ሹመኛው ይህንን “የሰው ኃይል ፍልሰት” ይለዋል፤ ሕፃኑ የሚያውቀው በአንድ ዓመት ሦስት መምህር መለዋወጡን ብቻ ነው።

ሥልጠናውን በተመለከተ አጥር ውስጥ የኖርሁ ሰው ነኝና አልሸሽግም። ለብዙ ዓመታት ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚገቡት በ10ኛ ክፍል ውጤታቸው ወደ መሰናዶ ማለፍ ያልቻሉ ነበሩ፤ ከዚያም ጎበዝ ጎበዙ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ የተግባር ልምምድን በማስፋቱ ትክክል ነበር። ይሁንና ልምምዱ የሚካሄደው ለኮሌጁ ቅርብ በሆኑ፣ እንግዳ ማስተናገድ በለመዱ ትምህርት ቤቶች ነው። ሰማንያ ሕፃን ያለበትን የከሰዓት ክፍል ሳያይ የተመረቀ ልጅ፣ ምደባው እዚያው ክፍል ላይ ሲያርፍ የሚያደርገው ይጠፋዋል።

አሁን ስለ መጠይቅ። “በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንሁም” የሚለውን ወረቀት መምህራን በሻይ ሰዓት ተቀባብለው ይሞሉታል፤ አንዱ የሞላውን ሌላው ይገለብጣል። እናንተም ያንን በኮምፒውተር አስልታችሁ እስከ ሁለት አሐዝ ነጥብ ድረስ ትጽፋላችሁ። መጠይቅ አትጠቀሙ አልልም፤ ከመጠይቁ በፊት ግን ሂዱና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መምህሩ ማንን በስሙ እንደሚጠራ፣ ማን እጁን አውጥቶ እንዳልታየ፣ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ምን እንደሚሠራ መዝግቡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መምህሩ ለእናንተ ሲል ያሳምረዋል፤ ሲሰለቸው እውነተኛውን ታያላችሁ። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አማካሪያችሁም “ናሙናው አነሰ” ይላል። ያንኑ ልጅ ለዓመታት የሚከተል ጥናት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ፣ ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ 3,000 ኢትዮጵያውያን ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል፤ መረጃው ለተመራማሪዎች ክፍት ነው። ሰፊውን ከዚያ ውሰዱ፣ ጠባቡን ከሰፈራችሁ።

መምህራንን እንደ መረጃ ምንጭ ብቻ አትቁጠሯቸው። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ሊቃውንት የተሳተፉበት ነበር። ዓላማውም የተጠላ አልነበረም፤ መሠረታዊ ትምህርት ለገጠሩም እንዲዳረስ ያስባል። ነገር ግን ያለ መምህራንና ያለ ወላጆች ተመክሮበት በ1966 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ወላጁ “የድሃ ልጅ አራት ዓመት ብቻ ተምሮ ይቁም ነው የሚለው” አለ፤ መምህሩ ደመወዜ ሊነካ ነው ብሎ ሥራ አቆመ። መንግሥትም ጥናቱን ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደደ። ለእኩልነት የተጻፈ ወረቀት የአድልዎ ሰነድ ተብሎ ሞተ። በሐሳቡ ውስጥ ስሕተት አልነበረም አልልም፤ ስሕተቱን ሊያሳዩ የሚችሉት ሰዎች ግን የሰሙት ከታተመ በኋላ ነው።

እናንተም ውጤታችሁን ለመምህራኑ ሳታነቡላቸው ለፈታኞች አታቅርቡ። ሲነበብላቸው የሚቆጡበት ቦታ አለ፤ ውጤቱን የምትተነትኑበትን ምዕራፍ አራትን እንደገና የምትጽፉት ከዚያ በመነሣት ነው።

የክረምቱ ዕረፍት ሳያልቅ ብትመጡ ጥሩ ነው፤ ምደባው የሚሠራው መስከረም ሳይጠባ ስለሆነ ርእሰ መምህራኑ ሲደለድሉ መቀመጥ ትችላላችሁ። የሚያስገባችሁ ካጣችሁ ከማውቃቸው ጥቂቶቹን እለምንላችኋለሁ። መጠይቁን ግን ቤታችሁ ትታችሁ ኑ።